ከሰል ሲባል የትኛው? ስለ ድንጋይ ከሰል ጥናት ቢጠና ድሬ ምን ትላለች

የሳቢያን ልጅ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ያ ጀመዓ። ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ክፍል ገብቼ «ቤቱ ከሰል የሚያነድ እጁን ያውጣ» አልኩ። እጁን ያላወጣ የለም። «የድንጋይ ከሰልስ?» አልኩ። ሁሉም ዝም። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ እሱ ፈረንጅ አገር ነው ያለው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም። የተቀመጡበት ክፍል በሲሚንቶ የተሠራ ነው። ሲሚንቶ ያለ እሳት አይሆንም። እሳቱ ደግሞ አገራችን ውስጥ በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ነው። ልጆቹ በየቀኑ እሱ በሠራው ግድግዳ ተከበው ይማራሉ።

አንዱ ችግራችን ስሙ ነው። «ከሰል» የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ባለፈው ወር ግራር የነበረ ነው፤ ቀፊራ ገበያ በማዳበሪያ ጆንያ ይሸጣል። ሌላው በሚሊዮን ዓመታት መሬት ስር ተጭኖ የጠቆረ ተክል ነው። ስለ ፖሊሲ ስናወራ ሁለቱ ይምታቱብናል። «ከሰል ይከልከል» የሚለው ሰው ስለ ዛፍ ያወራል። «ከሰል ይመረት» የሚለው ስለ ማዕድን ያወራል። ሲከራከሩ ይውላሉ፣ አይገናኙም።

ሁለተኛው ችግር መብራት ነው። ነገሩ በተነሳ ቁጥር «ሕዳሴ እያለልን የድንጋይ ከሰል ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ሕዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ደስታችን ትክክል ነው። ድሮም ቢሆን መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው፣ ጥቂቱ ከነፋስ። ግን እኛ ጋ የድንጋይ ከሰል ለመብራት አይነድም። የሚነደው ለሙቀት ነው። የኖራ ድንጋይ ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው የተቃጠለ ድንጋይ) እንዲሆን እቶኑ ውስጥ 1450 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። ለሲሚንቶ እቶን ያን ያህል ሙቀት በኤሌክትሪክ መስጠት በዓለም ላይ ገና ሙከራ ላይ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። መንግሥት «የድንጋይ ከሰል በኃይልና በአካባቢ ፖሊሲያችን ውስጥ ቦታው የት ነው?» ብሎ አንድ ሙሉ ጥናት ያስጠና። ጥናቱ ከመብራት ሳይሆን ከሙቀት ይጀምር። ሲያልቅም ሕዝብ ያንብበው።

ሌሎች አድርገውታል። እንግሊዞች ኮሚሽን አቋቁመው የድንጋይ ከሰልና አካባቢ ምን እንደሚያገናኛቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ትልቅ ሪፖርት አውጥተዋል። ያ ከለንደን ጭስ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1952 ለንደን 5 ቀን በጭስ ታፍና በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞቶባታል። ጀርመኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ኮሚሽን አቋቋሙ። ከኢንዱስትሪ፣ ከሠራተኛ ማኅበር፣ ከአካባቢ ተቆርቋሪዎች፣ ከከሰል አካባቢ ነዋሪዎች ሰው አስቀመጡ። በመጨረሻ ከ2038 በኋላ በድንጋይ ከሰል መብራት አናመነጭም አሉ። ለከሰል አካባቢዎች እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ እንዲመደብ ሐሳብ አቀረቡ።

ድሬን ለምን አነሳሁ? የአገሪቱ የመጀመሪያ ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ዘመን የተተከለው እዚህ ነው። የጅቡቲ መንገድ እዚህ ያልፋል፣ ባቡሩም። የድንጋይ ከሰል ፖሊሲ አዲስ አበባ ይጻፋል፤ ጭነቱ ግን በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው።

እናንተ ቢጠይቋችሁ ምን ትላላችሁ?


ሾፌሩ

አቦ ቲቸር፣ ጥሩ ጽፈሃል። ግን እኔ አንድ ነገር አልስማማም።

የጅቡቲ መስመር ላይ ስሠራ ዓመታት ሆኖኛል። የድንጋይ ከሰልም ጭኛለሁ። እኔ የጫንኩት ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ የመጣ፣ በዶላር የተገዛ ነበር። ዶላር ሲጠፋ ፋብሪካው ይቆማል። ፋብሪካው ሲቆም ሲሚንቶ ይወደዳል። ሲሚንቶ ሲወደድ ቤት የጀመረው ሰው መሠረቱን አውጥቶ ይቀመጣል። ሳቢያን ዙሪያ ስንት ቤት ብረቱ እንደተገተረ ቀርቶ እንደነበር አንተም ታውቃለህ።

እኛ የራሳችን አለን። ዳውሮ አለ፣ ያዩ አለ፣ ደልቢ አለ፣ ጭልጋ አለ። ማዕድን ሚኒስቴር የውጭውን በአገር ውስጥ እንተካ ማለቱ ልክ ነው። ፈረንጅ ከ200 ዓመት በላይ አንድዶ፣ ባቡሩንም መርከቡንም በሱ ሠርቶ፣ ዛሬ በቃኝ ይላል። ይበል። ከጠገበ በኋላ ነው። እኛ የጀመርነው ገና አሁን ነው። ጥናት ጥናት ስንል ወጣቱ ሥራ አጥቶ ይቀመጣል። ጥናት ጊዜ ይበላል ወንድሜ።


ከዚራ

ሾፌሩ የተናገረው ስለ ዶላር ልክ ነው። የኔ ቤት አንዱ ነው ከቆሙት።


እቶን አጠገብ

በሲሚንቶ ሥራ ከ20 ዓመት በላይ አሳልፌያለሁ፣ በተለያየ ከተማ። ፋብሪካ አልጠራም። ስለ ሥራው ግን ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ክር ላይ የሚጠቅም ይመስለኛል።

እኔ ሥራ ስጀምር እቶኑ የሚነደው በፈርናስ ነበር፣ በከባድ ዘይት። የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ፋብሪካዎች ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። ማንም አካባቢን ልበክል ብሎ አይደለም። ርካሹ እሱ ስለነበረ ነው።

አሁን ቁጥሩን እዩት። አንድ ቶን ክሊንከር ለማውጣት ደህና ዘመናዊ እቶን 800 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይበላል። ከደቡብ አፍሪካ ሲመጣ የነበረው ጥሩ ከሰል በኪሎ 6000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ አለው። ስለዚህ ለአንድ ቶን ክሊንከር 133 ኪሎ ይበቃል። ካሎሪው 4000 የሆነ ከሰል ብታመጣልኝ 200 ኪሎ ይፈጃል። ሥራው ያው ነው፣ ጭነቱ ግማሽ እጥፍ ጨመረ። የአገራችን ከሰል ብዙው ወጣት ነው፤ ማለት መሬት ስር ብዙ አልቆየም። እርጥበት አለው፣ አመድ አለው፣ አንዳንዱ ድኝም አለው። ለዚህ ነው መታጠብ አለበት የሚባለው። ሲታጠብ ድንጋዩና አፈሩ ይወርድና ካሎሪው ከፍ ይላል።

ሾፌሩ፣ ይህ አንተን በቀጥታ ይመለከትሃል። አመዱ 30 በመቶ የሆነ ከሰል 40 ቶን ጭነህ መጣህ እንበል። ከዚያ ውስጥ 12 ቶኑ የማይነድ አመድ ነው። ከያዩ ድሬ ድረስ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። 12 ቶን አመድ ለማምጣት ስንት በርሜል ናፍጣ አቃጠልክ? ናፍጣውስ በምን ተገዛ? በዶላር። ለአዲስ አበባ ዙሪያ ፋብሪካ ሂሳቡ ሌላ ነው። ለድሬ ግን ጅቡቲ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ ያዩ ሩቅ ናት። አንድ አገር ሆኖ ሁለት ሂሳብ አለው። ጥናቱ «ኢትዮጵያ» ብሎ አንድ ቁጥር ካወጣ ድሬን አያውቃትም ማለት ነው።

ሌላው ነገር ሙቀት ሁሉ አንድ አይደለም። ቲቸር ስለ 1450 ዲግሪ ተናግሯል፣ ልክ ነው። ግን የድንጋይ ከሰል ቦይለር (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ጋን) ውስጥም ይነዳል። ጨርቃ ጨርቅ፣ ሳሙና፣ መጠጥ፣ እነዚህ የሚፈልጉት እንፋሎት ነው። እንፋሎት 150፣ 200 ዲግሪ ቢሆን ይበቃዋል። እሱን ኤሌክትሪክ ዛሬውኑ ይሠራዋል፤ ቴክኖሎጂው አሮጌ ነው። የቀረው የመስመርና የማይቆራረጥ መብራት ጉዳይ ነው። እቶኑ ይቆይ፣ ቦይለሩ ግን ለምን ይጠብቃል? እኔ ጥናቱን የማዘው ቢሆን መጀመሪያ ይህን እለያለሁ። የትኛው ሙቀት ዛሬ ከከሰል ይላቀቃል፣ የትኛው አይላቀቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ሰው የማያውቀው። ከሲሚንቶ ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ በላዩ ከከሰሉ አይደለም። ከኖራ ድንጋዩ ራሱ ነው፣ ሲቃጠል የሚለቀው። ስለዚህ ከሰሉን ብቻ ብትቀይር ግማሹን እንኳ አልነካህም። ክሊንከሩን መቀነስ ነው ትልቁ ሥራ። እኛ ፐሚስ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየቀላቀልን የምናወጣው ሲሚንቶ በዚህ በኩል ጥሩ ነው፤ ሊሰፋም ይችላል።


የሳቢያን ልጅ

እቶን አጠገብ፣ እግዜር ይስጥህ። የቦይለሩን ነገር እኔም አላሰብኩትም ነበር።

ሾፌሩ፣ ጥናት ጊዜ ይበላል ላልከው፣ የጀርመኖቹ ኮሚሽን በሰኔ ተጀምሮ በጥር ነው የጨረሰው። 7 ወር። ቤቱ ለቆመበት ሰው 7 ወር ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንድ የከሰል ማጠቢያ ወይም አንድ እቶን ከተተከለ 30፣ 40 ዓመት ይቆማል።


የቀፊራዋ

እኔ ስለ እኛ ከሰል ልናገር። እናቴ ቀፊራ ከሰል ትሸጣለች፣ እኔም እዚያው ነው ያደግኩት። እናንተ ስለ ፋብሪካ ስታወሩ የኛው ተረሳ።

ቲቸር ራሱ ነው ስሙ ይምታታል ያለው። እሺ፣ ግን ነገሩም ይገናኛል እኮ። የአገሪቱ የኃይል ፍጆታ ተደምሮ ወደ 90 በመቶው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበት ነው ይባላል። መብራትና ነዳጅ ተደምረው የቀረችውን ይካፈላሉ። ታዲያ የኃይል ፖሊሲ የሚባለው የማን ኃይል ነው? የእናቴ ደንበኞች ኃይል አይደለም?

ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ግራሩ እየራቀ ሄዷል። እናቴ «ዱሮ በአህያ ይመጣ የነበረ ዛሬ በመኪና ይመጣል» ትላለች። አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት 5፣ 6 ኪሎ እንጨት ይጠፋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ዛፉ ሲያልቅ ውኃው የሚይዘው ያጣል። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ የድሬ ሰው ይህን አስተማሪ አያስፈልገውም። ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ የወሰደብንን ሰው አንረሳም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። የድንጋይ ከሰሉን ፈጭተው፣ ጠፍጥፈው፣ ለቤት ምድጃ ቢሰጡን ግራሩ አይተርፍም? ከልቤ ነው የምጠይቀው። እናቴ የምትሸጠው እሱን ቢሆን ምን ይጎዳል?


የሳቢያን ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ነው። መልሴ ግን በቤት ውስጥ አይሁን ነው።

የእንጨት ከሰል ሲሠራ አብዛኛው ጭስ ጫካ ውስጥ ወጥቶ አልቋል። ለዚህ ነው ምድጃ ላይ ብዙ የማያጨሰው። የድንጋይ ከሰል ግን ጭሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ድኙን ይዞ ነው የሚመጣው። ቻይና ዩናን ግዛት ውስጥ ሹዋንዌ የሚባል አካባቢ አለ። ሴቶቹ ሲጋራ አያጨሱም። ግን ቤት ውስጥ ጭሳማ የድንጋይ ከሰል እያነደዱ ሲያበስሉ ኖረው የሳንባ ካንሰር በዓለም ከፍተኛ ከሆነባቸው ቦታዎች አንዱ ሆነ። የጭስ መውጫ ያለው ምድጃ ሲገባ በሽታው ቀነሰ። አየርላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 ደብሊን ውስጥ ጭሳሙ ከሰል እንዳይሸጥ ሲከለከል በመተንፈሻ በሽታ የሚሞተው ሰው ቀነሰ።

የካርቦን ሞኖክሳይዱ ነገር ለሁለቱም ከሰል ያው ነው። በዝግ ቤት ሁለቱም ይገድላሉ። ይህንን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እደግመዋለሁ፤ አሁንም ልድገመው። ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ።

ላንቺ እናት ግን ሌላ መንገድ አለ። ፕሮሶፒስን አስቢው፤ መሬቱን እየወረረ ያስቸገረን መጤ ዛፍ ነው፣ በግራር ፈንታ እሱ ከሰል ይሁን።


የቀፊራዋ

ፕሮሶፒስ ከሰል እንሸጣለን እኮ፣ አለ። ሰው ግራር ነው የሚመርጠው። አንዳንዱ ነጋዴም ፕሮሶፒስ ነው ብሎ ግራር ጨምሮ ያመጣል። ሲጠቁር ማን ይለየዋል?

ስለ ቤቱ የነገርከኝን ለእናቴ አነበብኩላት። «አልሃምዱሊላህ ጠየቅሽ» አለችኝ።


እቶን አጠገብ

የቀፊራዋ ያለችው ከባድ ነው። ፕሮሶፒስ ከ40 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በዚሁ በድሬ አካባቢ ገብቶ ነው አፋርንና ሶማሌን ያለበሰው። ከብት ፍሬውን ይበላና በፋንድያው ይዘራዋል። ስትቆርጠው ያቆጠቁጣል። ለእቶን ግን ይነዳል። ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ ተፈጭቶ ከድንጋይ ከሰል ጋር ሊነድ ይችላል። ከሰሉን በሙሉ አይተካም፣ የተወሰነውን ግን ይተካል። ለድሬ ከያዩ ከሰል ይልቅ የሽንሌ ፕሮሶፒስ ይቀርባል። ጥናቱ ይህን ካላየ ምኑን አየ?

ግን አዎ፣ በፕሮሶፒስ ስም ግራሩ እንዳይሄድ ጠባቂ ያስፈልጋል። ለፋብሪካ ጥሬ እንጨቱ ስለሚሄድ መለየት ይቀላል። የጠቆረ ከሰል አይደለም፤ ቅርፊቱ ይታያል።


ከያዩ የመጣሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስለ ያዩ ደጋግማችሁ ስላነሳችሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያዩ ለናንተ የከሰል ስም ነው። ለእኔ የጫካ ስም ነው። ቡና በገዛ ራሱ በጫካ የሚበቅልበት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ክልል (ሰውና ተፈጥሮ አብረው የሚጠበቁበት ቦታ) ብሎ መዝግቦታል። ያ የጫካ ቡና ለዓለም ሁሉ የዘር ባንክ ነው። ቡና በሽታ ሲመጣበት፣ ሙቀት ሲጨምርበት፣ የሚችል ዘር የሚፈለገው እንደዚያ ካለ ጫካ ነው። ከሰሉ ያለው ደግሞ በዚያው ወረዳ ነው። ከዓመታት በፊት ከከሰሉ ማዳበሪያ ይመረታል ተብሎ ትልቅ ፋብሪካ ተጀመረ፤ ሳያልቅ ቆመ።

አትቆፍሩ አልልም። ያገሬ ሰው ሥራ ይፈልጋል፣ ልክ ሾፌሩ እንዳለው። ግን ጥናት ሲጠና የከሰሉ ቶን ብቻ ይቆጠራል። የቡናው ዘር በስንት ይቆጠራል? በኪሎ ካሎሪ አይለካም። እቶን አጠገብ 12 ቶን አመድ ብለው አስልተውልናል፤ በጣም ተምሬበታለሁ። እኔ የምለው በዚያው ወረቀት ላይ ከጎኑ ጫካውም ይጻፍ። ድሬ ለሚቆመው ቤት እኛ ጋ ምን እንደሚነሳ ድሬ ይወቅ።

በነገራችን ላይ ሐረርም ድሬም ጥሩ ቡና ትጠጣላችሁ። የሐረርን ቡና ስም የሚያውቅ ሰው የያዩን ጫካ ነገር ለማስረዳት አይከብድም ብዬ ነው።


የጀጎል ልጅ

ከሐረር ነኝ። የያዩው ልጅ የተናገረው ገባኝ፣ ወላሂ።

እኔ ስለ ውኃ ልጨምር። ከሰል መታጠብ አለበት ተባለ። በምን ይታጠባል? በውኃ። የታጠበበት ውኃስ ወዴት ይሄዳል? ድኝ ያለበት ከሰልና ድንጋይ ዝናብና አየር ሲነካው አሲድ ያወጣል፣ ከማዕድኑም ከተከመረው ቆሻሻም ወደ ወንዝ ይወርዳል። ውኃውን አጣርቶ ደጋግሞ መጠቀም ይቻላል፤ ግን የሚያስገድድ ከሌለ ማን ያደርገዋል?

እኛ ሐረሮች በውኃ የተቃጠልን ነን። ሐረማያ ሐይቅ ሐረርን ያጠጣ ነበር። ሁሉም በፓምፕ ይስበዋል፣ አፈሩ ከተራራው እየወረደ ይሞላዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ልጅ ሆኜ ጀልባ ያየሁበት ቦታ ላይ ሰው በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ። ከዚያ ውኃችን ከድሬ ጃራ፣ በድሬዳዋ በኩል፣ 70 ምናምን ኪሎ ሜትር በቱቦ ሽቅብ እየተገፋ መጣ። ሐይቁ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መመለስ ጀምሯል፣ አልሃምዱሊላህ። ግን ያ ሁሉ ዓመት እናቶቻችን ጀሪካን ይዘው ነው ያለፉት። ስንት ውኃ እንዳለ፣ ስንት እንደሚወጣ፣ በጊዜ ተለክቶ ቢሠራበት ኖሮ እዚያ አንደርስም ነበር።

መብትም አለን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት የሚነካው ሕዝብ መመከር፣ ሐሳቡንም መስጠት እንዳለበት ይናገራል። በ1995 የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ፣ ቁጥር 299፣ የጥናቱ ሰነድ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዝዛል። ስለዚህ የሳቢያን ልጅ የሚጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም። ሕግ ሆኖ ተጽፏል።

ከሰሉን ስንገዛባት የኖርናት ደቡብ አፍሪካ ራሷ ምን ሆነች? እ.ኤ.አ. በ2022 የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት የከሰሉ አገር፣ የምፑማላንጋ አየር የሕዝቡን ሕገ መንግሥታዊ መብት ይጥሳል ብሎ ፈረደ። እዚያ አንዲት ከተማ አለች፣ ኤማላህሌኒ የምትባል። ትርጉሙ «የከሰል ቦታ» ነው። ስሙም አየሩም ከሰል ሆነ።


ሾፌሩ

የጀጎል ልጅ፣ ስለ አየር ካነሳህ አንድ ነገር ልናገር። የከሰል ጭነት ሸራ ሳይለብስ ሲሄድ ከኋላው የሚነዳ ሰው ያውቀዋል። መስታወትህ ይጠቁራል፣ ምራቅህ ይጠቁራል። እኔም ሸራ ሳይሰጠኝ ጭነህ ሂድ ተብዬ ሄጃለሁ፣ ከአንድም ሁለት ጊዜ። በየመንገዱ ያለው ልጅ ይተነፍሰዋል። ሚስቴ ልብሴን ለብቻው ነው የምታጥበው። ይህን በጥናት ላይ ይጻፉት። ሸራ ርካሽ ነው።

ሥራ ያልኩትን ግን አልተውኩም። ያዩም ዳውሮም ያለው ወጣት መብላት አለበት።


የባቡር ጡረተኛ

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን የልጅ ልጄ አነበበልኝ፣ እኔ እየነገርኩት እሱ ይጽፋል።

የድንጋይ ከሰል ለድሬ እንግዳ አይደለም። ድሬ ራሷ ያለ እሱ አትታሰብም። መርከብ በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን ከሰል የሚሞላበት ወደብ ይፈልግ ነበር። እንግሊዝ ኤደንን ይዛ ነበር። ፈረንሳይ ኦቦክን ያዘች፣ መርከቦቿ ከሰል እንዲሞሉ። ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ተሻገሩ። ጅቡቲ ወደብ ሆነች፣ ከጅቡቲ ሐዲድ ተዘረጋ፣ ሐዲዱ በ1895 እዚህ ደረሰ። ከዚያ በፊት ድሬ የሚባል ከተማ የለም። እንግዲህ የከተማችንን ሥር ብትቆፍሩት ጫፉ ላይ ከሰል ታገኛላችሁ።

አባቴ በሽሚንደፈር፣ በድሮው ባቡር፣ እሳት መጋቢ ነበር። ከሥራ ሲመጣ ዓይኑና ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። ሲያስል ቤቱ ይነቃነቅ ነበር። እኔ ስቀጠር ናፍጣ ነው የነበረው፣ እሳት መጋቢ የሚባል ሥራ አልነበረም። ዛሬ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አለን። በአንድ ቤተሰብ ዕድሜ ሦስት እሳት አየን። ሾፌሩ ልጄ፣ ሥራ ያልከው ልክ ነው። የአባቴ ሥራ ጠፍቷል፣ ግን የአባቴ ሳንባ ቀድሞ ነው የጠፋው።

የያዩው ልጅ፣ ከሰሉ የግድ ከመጣ እንኳ ለምን በመኪና? ከሰበታ፣ ከሞጆ ወዲህ ሐዲድ አለ፣ በውኃ መብራት የሚሄድ። እስከዚያ ድረስ ብቻ በመኪና ይምጣ። ተሸፍኖ ደግሞ።


ከያዩ የመጣሁ

አባባ፣ እርስዎ ያሉትን ለክፍል ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። ስለ አባትዎ ሳንባ የነገሩን ልቤን ነካኝ። የባቡሩን ሐሳብ እቶን አጠገብ ቢያሰሉልን ደስ ይለኛል።


የባቡር ጡረተኛ

አቦ አንተ በለኝ። ድሬ ነህ።


እቶን አጠገብ

የባቡሩ ሐሳብ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ጊዜ መጫንና ማውረድ ይመጣል፣ እዚያ ላይ ወጪም አቧራም አለ። የሚያዋጣው የታጠበ ከሰል ከሆነ ነው። አመድ በባቡር ማመላለስ አሁንም አመድ ማመላለስ ነው። ማጠቢያው ማዕድኑ አፍ ላይ ይሁን ማለት ነው። ያኔ ደግሞ የጀጎል ልጅ የውኃ ጥያቄ ወደ ያዩ ይሄዳል። አንዱን ስትይዝ ሌላው ይመጣል። ለዚህ ነው ማዕድን ለብቻው፣ ኢንዱስትሪ ለብቻው፣ አካባቢ ለብቻው ማጥናቱ የማያዋጣው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው መቀመጥ ያለባቸው።


የሳቢያን ልጅ

አንድ ጠረጴዛ ካልክ፣ የጀርመኖቹን ልጨርስላችሁ። ድምፅ የሚሰጡት 28 ነበሩ። 27ቱ ተስማሙ። አንዲት ብቻ ተቃወመች። እሷ የከሰል ማዕድን መንደራቸውን ሊበላ የደረሰባቸውን ሰዎች ወክላ የተቀመጠች ነበረች። አልተስማማሁም አለች፣ ተመዘገበላት። ከዚያ ሁሉ ሪፖርት እኔን የያዘኝ ይህ ነው። ድምፅዋ አልጸደቀም፣ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበረች።

አገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ አውጥታለች። በ2021 ደግሞ እስከ 2030 ድረስ ልቀቴን ከሚጠበቀው በ68.8 በመቶ እቀንሳለሁ ብላ ለዓለም ቃል ሰጥታለች፤ አብዛኛው በውጭ ድጋፍ የሚሆን ነው። በሌላ በኩል የአገር ውስጥ ድንጋይ ከሰል ይስፋ ትላለች። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይችሉ ይሆናል። የእቶን አጠገብን ስሌት ካየሁ በኋላ እንደሚችሉ አምናለሁ፤ ቦይለሩ ከወጣ፣ ክሊንከሩ ከቀነሰ፣ ፕሮሶፒሱ ከገባ። ግን በቁጥር ያሳየን ሰነድ እፈልጋለሁ። የቀፊራዋ እናት፣ የሾፌሩ ሸራ፣ የያዩ ቡና የሌሉበት ሰነድ ሳይሆን።

ይህን ክር እንዳለ አትሜ ለሚመለከተው ቢሮ አስገባለሁ። ስማችሁ ስለሌለበት አትስጉ።


ከዚራ

የሚመለከተው ቢሮ የትኛው ነው? ማዕድን ነው፣ ኃይል ነው፣ አካባቢ ነው?


የሳቢያን ልጅ

ሦስቱም ጋ አስገባለሁ። ሦስት ኮፒ።


ሾፌሩ

ቲቸር፣ ተማሪዎችህ የድንጋይ ከሰል አይተው አያውቁም አልክ አይደል? መኪናዬ ወለል ጥግ ላይ የቀረ አለ። አንድ ፌስታል ይሞላል። ላምጣልህ?


የሳቢያን ልጅ

አምጣ! 10 ግራም መዝነን፣ ግቢ ውስጥ ንፋስ ባለበት አቃጥለን፣ አመዱን መልሰን እንመዝናለን። ልጆቹ በእጃቸው ይለኩት። ሚዛን ከመጋላ ወርቅ ቤት እለምናለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት ይመችሃል?


ሾፌሩ

ማክሰኞ ድሬ ነኝ። እመጣለሁ።


የቀፊራዋ

ከእናቴ መደብ አንድ ፍሬ የግራር ከሰል፣ አንድ ፍሬ የፕሮሶፒስ እልካለሁ። ጎን ለጎን ለኩት። ውጤቱን እዚህ ጻፉልኝ፣ ለእናቴ አነብላታለሁ።